ቆራሌው የማይገዛው

የአዲስ አበባ ሰው ቆሻሻ መለየት አያውቅም የሚል ወቀሳ በየስብሰባው ይሰማል። ወቀሳው የቤቱን ጓዳ ያላየ ሰው ወቀሳ ነው። ባዶ ሃይላንድን ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ወርውሮ የሚገላገል ቤት ጥቂት ነው፤ ውሃ ይቀዳበታል፣ ዘይት ይገዛበታል፣ ሲበዛ ደግሞ ማዳበሪያ ውስጥ ተጠቅጥቆ ቆራሌው እስኪመጣ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስማ ገንዘብ ስለተያዘበት ከነሳጥኑ ተከብሮ ወደ ሱቅ ይመለሳል። ያረጀ ልብስና ጫማ ለልዋጭ ነጋዴ ይወጣል። የተበሳ ድስት፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ እግሩ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር ሁሉም ጠያቂ አላቸው። ከመንደር የተለቀመው ብረታ ብረት መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲደርስ ተቀጥቅጦ ምድጃ፣ ማጠፊያ፣ ሳጥን ሆኖ እንደገና ለገበያ ይቀርባል። ይህን ሁሉ መስመር የዘረጋው መሥሪያ ቤት የለም። በቀለም የተለየ ገንዳም፣ የግንዛቤ ማስጨበጫ ዘመቻም፣ በጀትም አልጠየቀም። ዋጋ ብቻ ነው ያስተዳደረው።

እንግዲህ ጥያቄው ሰው ለምን አይለይም የሚል ሳይሆን፣ ምኑን ሳይለይ ይተዋል የሚል መሆን አለበት። መልሱ ግልጽ ነው፤ ቆራሌው የማይገዛውን። የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የሙዝና የብርቱካን ቅርፊት፣ የቡና አተላ፣ የተበላሸ ወጥ፣ የሻገተ እንጀራ፣ ከበዓል ማግስት የሚጠረግ ቄጤማ፣ የጫት ገረባ። በክብደት ሲመዘን ከከተማችን የቤት ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይኸው የሚበሰብሰው ነው፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች ሁሉ ሁኔታው ተመሳሳይ እንደሆነ የዓለም ባንክ ጥናቶች ያሳያሉ። የባለጸጋ አገር ቆሻሻ በማሸጊያ የተሞላ ነው፤ የእኛ ግን የወጥ ቤት ቆሻሻ ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ከዚህ ልዩነት የሚነሳ ፖሊሲ ግን ሌላ መልክ ይይዛል። ለወረቀት አንድ፣ ለፕላስቲክ አንድ፣ ለጠርሙስ አንድ ተብሎ በቀለም የተከፋፈለ የሦስትና የአራት ገንዳ ሥርዓት የተወለደው ማሸጊያ በሚበዛበት፣ ቆራሌው በሌለበት አገር ነው። እሱን እንዳለ ወስዶ እዚህ ማቆም፣ ዋጋ ቀድሞ የሠራውን ሥራ በሕዝብ ገንዘብ እንደገና መሥራት ነው። በእኔ እምነት ከተማዋ ከነዋሪዋ አንድ ነገር ብቻ ብትጠይቅ ይበቃታል፤ እርጥቡን ከደረቁ መለየት። ቀሪው ከዚያ በኋላ ራሱን በራሱ ይለያል ማለት ይቻላል።

እርጥቡ ሳይለይ ሲቀር የሚያስከትለውን ለማየት ቆሼን ማየት ነው። ረጲ የሚገኘው ይህ ሥፍራ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የመዲናዋን ቆሻሻ ሲቀበል የኖረ፣ ከ30 ሄክታር በላይ የሚሸፍን ተራራ ነው፤ ሲጀመር ከከተማ ውጭ የነበረ ሲሆን ከተማው ተስፋፍቶ ከበበው። ሃይላንድ ብቻ ቢከመርበት ኖሮ የሚያስቀይም እንጂ የሚያሰጋ አይሆንም ነበር። ሥጋቱ የሚመጣው ከሚበሰብሰው ነው። ልጣጭና ትርፍራፊ አየር በሌለበት ሲታፈን በውስጡ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ሜቴን የተባለውን ጋዝ ያመነጫሉ፤ ይህ ጋዝ ተቀጣጣይ ነው፤ የምድርን ሙቀት በመጨመር ረገድም በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ይበረታል። በሌላ በኩል ከመበስበሱ የሚወጣው ጥቁር ፍሳሽ ዝናብ ሲጨመርበት ወደ ታች ይሰርጋል፣ ከከርሰ ምድር ውሃና ከወንዝ ይቀላቀላል። ውስጡ በፍሳሽ የራሰ፣ ጋዝ ያፈነ ክምር ቁልቁለቱ ላይ ጸንቶ የመቆም አቅሙ እንደሚዳከም መሐንዲሶች ያውቁታል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ተራራው ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። የአደጋውን መንስኤ ወደ አንድ ነገር ማሳነስ አይቻልም፤ ከፍታውም፣ ቁልቁለቱም፣ ሰው ከሥሩ ይኖር ዘንድ መተዉም አሉበት። ነገር ግን በየቀኑ ወደዚያ ከሚጫነው ክብደት ግማሹ ከመንደሩ ሳይወጣ ወደ አፈርነት ሊለወጥ የሚችል እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

ለቆሼ ምትክ ለማግኘት የተደረገው ሙከራም የሚያስተምረን አለ። ሰንዳፋ አቅራቢያ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ የተሠራው ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ፣ የአካባቢው አርሶ አደሮች በተቃውሞ ስለተነሱ በወራት ውስጥ ተዘጋ፤ የጭነት መኪናዎቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። የገበሬዎቹ ቅሬታ ውስጥ የመሬትና የካሳ ጉዳይ እንዳለ ሆኖ፣ ሽታና ፍሳሽ ግን ፕላስቲክ የሚያመጣው ጣጣ አይደለም። ማንም ጎረቤት የሚበሰብስ ተራራ አይፈልግም። ከተማዋ ሌላ ቦታ ብታገኝም፣ የምትጭነው ነገር እስካልተለወጠ ድረስ አዲሱ ቦታ የሚገጥመው ያው ተቃውሞ ነው።

ታዲያ ለምን አናቃጥለውም የሚለው ሐሳብ በብዙ ሰው ዘንድ የመጀመሪያው መፍትሔ ሆኖ ይቀርባል። ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ የኃይል ማመንጫ ተስፋ የተጣለበትም ለዚህ ነበር፤ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ታስቦ የተገነባ፣ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው የተባለለት ተቋም ነው። ማቃጠል በራሱ የሚናቅ መንገድ አይደለም፤ ስዊድንና ጃፓን ከቆሻሻቸው ብዙውን የሚያስወግዱት በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን እሳት የሚቃጠል ነገር ይፈልጋል። የዓለም ባንክ ያወጣው የቴክኒክ መመሪያ ቆሻሻ ያለ ተጨማሪ ነዳጅ በደንብ እንዲነድ ከአንድ ኪሎው በዓመት በአማካይ ቢያንስ 7 ሜጋጁል ሙቀት መገኘት አለበት፣ በየትኛውም ወቅት ከ6 በታች መውረድ የለበትም ይላል። አሁን የልጣጩን ነገር እናስላው። የአትክልት ትርፍራፊ 70 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። አንድ ኪሎ ውሃ ተን ለማድረግ ከ2 ሜጋጁል በላይ ሙቀት ይጠፋል። ስለዚህ ምድጃው ውስጥ የገባ እያንዳንዱ ኪሎ ልጣጭ ገና ሳይነድ 1.5 ሜጋጁል ገደማ ሙቀት ከጎረቤቱ ከካርቶኑና ከፌስታሉ ይሰርቃል፤ ነዶ የሚሰጠውም እምብዛም ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ ገንዳው ክዳን አልባ ሆኖ ዝናብ ሲጠግብ፣ ስሌቱ ይብሳል። ማገዶ እያነደደ ያደገ ሕዝብ እርጥብ እንጨት ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት ሳይንቲስት አያሻውም። እንግዲህ ማቃጠልን መለየት ይተካዋል ማለት ነገሩን መገልበጥ ነው፤ ሳይለዩ ማቃጠል ራሱ አይሳካም።

እርጥቡ ካለመለየቱ የሚመጣው ሌላው ጉዳት የሚደርሰው ዋጋ ባለው በደረቁ ላይ ነው። አንድ ካርቶን ደረቅ ሆኖ ሲመጣ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ወጥ ሲፈስበት ቆሻሻ ነው፣ ምክንያቱም ዘይት የነካው ቃጫ ውሃ ውስጥ ተፈትቶ እንደገና ወረቀት ለመሆን ያስቸግራል። ፕላስቲክ ይታጠባል ቢባልም ማጠቡ ውሃና ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ያም ከመሸጫው ላይ ይቀነሳል። የሃይላንድ ጠርሙስ ወደ ፋብሪካ ሲገባ ይከተከታል፣ ውሃ ገንዳ ውስጥ ይጨመራል፤ የጠርሙሱ ፕላስቲክ ይሰምጣል፣ ክዳኑ የተሠራበት ሌላው ዓይነት ፕላስቲክ ይንሳፈፋል፤ ሁለቱም እንዲህ ባለ ቀላል ዘዴ ይለያያሉ። ይህ ሁሉ የሚያዋጣው ግን ጠርሙሱ በአተላ ካልተለወሰ ነው። የንጽሕና ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ዓለም በግልጽ ያየው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ቻይና ከውጭ የምታስገባው ያገለገለ ወረቀትና ፕላስቲክ ላይ በር ስትዘጋ፣ ከተከለከለው ውጭ ለቀረውም ባዕድ ነገር ከ0.5 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነች። በአሜሪካና በአውሮፓ ለብዙ ዓመታት ሕሊናቸውን አጽድተው ሁሉንም በአንድ ሰማያዊ ገንዳ ሲከቱ የኖሩ ከተሞች፣ የሰበሰቡትን የሚገዛ አጥተው ከፊሉን ወደ ማቃጠያና ወደ ጉድጓድ ላኩ። በገንዳ መለየትና እንደገና ጥቅም ላይ መዋል አንድ እንዳልሆኑ ያኔ ታወቀ። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ ቆሻሻ ከሆነው የዓለም ፕላስቲክ ሁሉ እንደገና ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ በሰፊው የታወቀ ጥናት አሳይቷል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል። ዋጋ ደረቁን እንዲህ አሳምሮ ካስተዳደረ፣ እርጥቡንም ለገበያው ለምን አንተውለትም? ተቃውሞው ከራሴ መከራከሪያ የሚወጣ ስለሆነ ችላ ልለው አልችልም። መልሱ በየበዓሉ ማግስት መንገድ ላይ ተጥሎ ይታያል። የበግና የፍየል ቆዳ በአንድ ወቅት ገና ከመገፈፉ ደጃፍ ላይ ገዢ የሚሻማበት፣ የበጉን ዋጋ በከፊል የሚመልስ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የቆዳ ገበያ ሲወድቅ ገዢው ጠፋ፤ ያው ቆዳ የሚሸት ቆሻሻ ሆኖ ከገንዳ አጠገብ ተከመረ። ሰዉ አልተለወጠም፣ ቆዳውም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዋጋው ነው። ገበያ የሚያነሳው የሚያዋጣውን ብቻ፣ ያውም እስካዋጣ ድረስ ነው። ልጣጭ ደግሞ ከባድ ነው፣ ቶሎ ይሸታል፣ በኪሎ የሚያወጣው ከመጓጓዣው ያንሳል፤ በሁለት ቀን ውስጥ ካልተነሳ ማንም አይነካውም። ለዚህ ነው ሕግና አገልግሎት የሚያስፈልጉት። ሕጉ ደግሞ አዲስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የቤቱ ኃላፊ የሆነ ሰው እንደገና ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለውን ከሚወገደው ለይቶ ወደተዘጋጀለት ሥፍራ እንዲያደርስ አዝዞ ነበር። አዋጁ ሲወጣ የተወለደ ልጅ ዛሬ ወጣት ሆኗል፤ በአብዛኛው ሰፈር ግን ያ “የተዘጋጀለት ሥፍራ” ያው አንዱ ገንዳ ነው።

ይህ ወደ ሁለተኛውና ፍትሐዊ ወደሆነው ቅሬታ ያደርሰናል፤ “ብለየውስ፣ መኪናው አንድ ላይ ይደባልቀው የለ?” ይላል ነዋሪው። እውነት ነው። ለይቶ የሰጠው ሲደባለቅ ያየ ሰው ሁለተኛ አይለይም፤ አይፈረድበትምም። ነገር ግን መፍትሔው ለእያንዳንዱ ዓይነት አዲስ መኪና መግዛት አይደለም። በአዲስ አበባ ቆሻሻውን ከየቤቱ የሚያነሱት በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችና እናቶች ናቸው፤ በጋሪ፣ በማዳበሪያ፣ ደጃፍ ድረስ ይመጣሉ። ብዙ የበለጸጉ ከተሞች የሚመኙት ነው ይህ፤ ቆሻሻው መኪና ላይ ከመውጣቱ በፊት የሰው እጅ የሚያገኘው መሆኑ። ጋሪውን በሳምንት ለእርጥቡ ሁለት ሦስት ቀን፣ ለደረቁ አንድ ቀን ብሎ መመደብ የቀን ጉዳይ ነው። እንቅፋቱ ያለው ከክፍያው ላይ ነው። ነዋሪው የጽዳት አገልግሎቱን ዋጋ ከውሃ ቢሉ ጋር ይከፍላል፤ የማኅበራቱ ክፍያ ግን ለረጅም ጊዜ ሲታሰብ የኖረው ወደ ገንዳ ባስገቡት ቆሻሻ መጠን በሜትር ኩብ ነበር። ገንዳ ለመሙላት የሚከፈለው ሰው ገንዳው እንዳይሞላ እንዲተጋ መጠበቅ ሞኝነት ነው። ለንጹሕ እርጥብ ከተደባለቀው የተሻለ ቢከፈል፣ ማኅበሩ ራሱ ከማንኛውም ፖስተር የበለጠ አስተማሪ ይሆናል፤ ሃይላንድ ከልጣጭ ጋር ያወጣችን እማወራ ደጃፏ ላይ ቆሞ ይመክራታል።

በዚህ ረገድ ልንማርባት የሚገባን አገር ጀርመን ሳትሆን ደቡብ ኮሪያ ናት፤ ምክንያቱም የኮሪያ ማዕድ እንደኛው በሾርባ፣ በአትክልትና በብዙ ዓይነት ማባያ የተሞላ፣ ቆሻሻውም ውሃ የበዛበት ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1995 ለቆሻሻ በከረጢት ልክ ማስከፈል ጀመረች፣ በ2005 የምግብ ትርፍራፊ በቀጥታ ወደ ጉድጓድ እንዳይጣል ከለከለች፣ በ2013 ደግሞ ነዋሪው በሚጥለው የምግብ ትርፍራፊ መጠን እንዲከፍል የሚያደርገውን አሠራር በአገር ደረጃ አስፋፋች። ዛሬ ከምግብ ትርፍራፊዋ ከ90 በመቶ በላዩ ማዳበሪያ፣ የእንስሳት መኖ ወይም ባዮጋዝ ይሆናል። ትርፍራፊውን የሚመዝነውን የኮሪያን ዲጂታል ሚዛን ነገ ሰፈራችን ላይ እንትከል ማለቴ አይደለም። ልብ ሊባል የሚገባው ለምግብ ትርፍራፊው የተከተሉት ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ የሚያነሳ አገልግሎት፣ ቀጥሎ ክልከላ፣ መጨረሻ ላይ በመጠን ክፍያ። እኛ ብዙ ጊዜ ከክልከላው እንጀምራለን።

የተለየው እርጥብ ምን ይሆናል ለሚለው መልሱ ብስባሽ፣ በተለምዶ ኮምፖስት የሚባለው ነው። አሠራሩ ሚስጥር የለውም፤ ውሃ የበዛበትን አረንጓዴ ከደረቅ ቅጠል፣ ከሰጋቱራ ወይም ከተቀደደ ካርቶን ጋር አዛምዶ፣ አየር እንዲያገኝ እያገላበጡ መከመር ነው። በደንብ የተሠራ ክምር ከውስጡ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል፤ ይህ ሙቀት ለቀናት ሲቆይ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንንና የአረም ዘርን ይገድላል። አየር ስላለ ሜቴኑም እምብዛም ነው። ኮምፖስትን እንደ ተአምር የሚሸጡ ሰዎች ግን ነገሩን ያበላሹታል። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ሲኖረው ኮምፖስት ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ አይበልጥም፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ልጣጭ የሚገኘው ብስባሽ የባሌን ስንዴ አያለማም፣ ከወደብ የሚገባውን ማዳበሪያም አይተካም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ አፈርን ያለሰልሳል፣ ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል፣ ቅርብ ለቅርብ ያገለግላል። ከተማዋ ደግሞ ቅርብ ፈላጊ አላት፤ በየመንገዱ ዳር ችግኝ የሚያፈሉት ነጋዴዎች፣ በየወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙት፣ በየአደባባዩ የሚተከለው ሣርና አበባ ሁሉ ጥቁር አፈርና ፍግ ከሩቅ እያስመጡ ይገዛሉ። ሳይለይ ከመጣ ቆሻሻ የተሠራ ኮምፖስት ግን የጠርሙስ ስባሪ፣ የፌስታል ቅዳጅ፣ ከባትሪ የወጣ መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል ለጎመን መደብ አይሆንም። ከቤት መለየት አለበት የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዴ ከተደባለቀ በኋላ በማሽንም በእጅም አጥርቶ ማውጣት አይቻልም።

ቤቱ ጠባብ ነው፣ ሁለት ባልዲ የት ይቀመጣል፣ ይሸታል የሚለው ቅሬታ የሚያገኘው ትኩረት ከሚገባው ያነሰ ነው። አንድ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ቤተሰብ ወይም አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይ ላለ ሰው ይህ የምቾት ሳይሆን የኑሮ ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ እርጥቡ ተደባልቆም እዚያው ቤት ውስጥ ነው ያለው፤ መለየት ሽታውን አይፈጥረውም፣ ትንሽ ቦታ ላይ ይሰበስበዋል እንጂ። ሽታ የሚያመጣው ውሃና የአየር እጦት ነው። የወጡን ፈሳሽ አጥልሎ፣ ልጣጩን ክዳን ባለው ትንሽ ባልዲ አኑሮ፣ በላዩ አንድ እፍኝ አመድ ወይም ሰጋቱራ መነስነስ ዝንቡንም ሽታውንም ይቀንሳል፤ ከታች ጋዜጣ ማንጠፍም ይረዳል። አመዱ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ ፍም ያለበት ከሰል ገንዳ ሙሉ እሳት ያስነሳል። ፌስታል ውስጥ ቋጥሮ መስጠት ግን ድካሙን ሁሉ ያጠፋዋል፣ ምክንያቱም ልጣጩ አየር አጥቶ ይታፈናል፣ ኮምፖስት የሚያዘጋጀው ሰውም ፌስታል ሲፈታ ይውላል። ከባልዲው ወደ ማኅበሩ ጆንያ መገልበጥ ይበቃል። ባልዲው ውስጥ ፈጽሞ መግባት የሌለባቸውም አሉ፤ የጠርሙስ ስባሪ፣ መርፌ፣ ምላጭ፣ ባትሪ፣ ዳይፐር። የጠርሙስ ስባሪና መርፌ በወፍራም ካርቶን ወይም ክዳን ባለው ጠንካራ ሃይላንድ ታሽጎ ለብቻው ለሰብሳቢዋ ቢነገራት እጇን ያተርፋል።

ውጭ አገር ያለው ወገናችን ከዚህ ሁሉ ጋር የተላመደ ይመስላል፤ የዋሽንግተን ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት ዋና ዋና መረጃዎችን በአማርኛም ያቀርባል፤ እስራኤል ያለው ደግሞ ለመጠጥ ጠርሙስ የከፈለውን 30 አጎሮት ተመላሽ ለማግኘት ጠርሙሱን ያጠራቅማል። የእስራኤሉ አሠራር ከቢራ ሳጥናችን ጋር አንድ ነው፣ አዲስነት የለውም። የአሜሪካው ግን ለእኛ በቀጥታ አይሠራም፤ ቤተሰቡ ደረቁን ሁሉ በአንድ ገንዳ ይከታል፣ ውድ ማሽን ይለየዋል፣ ፌስታል ሲገባ ደግሞ ማሽኑ ይጠላለፋል። ከዚያ የምንወስደው ካለ መመሪያው ሰው በሚያነበው ቋንቋ መጻፉን ነው።

ሌላው መከራከሪያ፣ ጥፋቱ የአምራቹ ሆኖ ሳለ ሸክሙ ለምን እማወራዋ ላይ ይጫናል የሚል ነው። ለፕላስቲክ ይህ ትክክል ነው። ፌስታል ቤት ውስጥ በመለየት አይጠፋም፤ ሳስቶ ስለሚሠራ፣ ስለሚቆሽሽም ቆራሌው አይፈልገውም። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል ሕግ ማጽደቁ ጉዳዩን ከምንጩ መያዝ ነው፤ ምትኩ በተመጣጣኝ ዋጋ እስከተገኘ ድረስ። ለሽንኩርት ልጣጭ ግን ተጠያቂ የሚሆን ፋብሪካ የለም። የሚወጣው ከየወጥ ቤቱ ነው፤ የሚለየውም እዚያው ነው። ሁሉም ቤት በአንድ ቀን ይጀምር ማለትም አይደለም። አትክልት ተራ ከፒያሳ ወጥቶ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ከሰፈረ ወዲህም በየቀኑ የሚያወጣው የጎመንና የቲማቲም ክምር ገና ሳይደባለቅ በአንድ ቦታ ይገኛል፤ ጭማቂ ቤቶች፣ ሆቴሎችና የትምህርት ቤት ምገባ ማዕከላትም እንደዚሁ። ኮምፖስት የሚዘጋጅባቸው ቦታዎች ከእነዚህ ጀምረው ሥራውን ቢለምዱ፣ የመንደሩ ባልዲ ሲመጣ የሚቀበለው ዝግጁ ሆኖ ይገኛል።

ከዚህ ለውጥ የሚጎዳው ማን ነው ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሳው የቆሼ ለቃሚዎች ስም ነው፤ ቆሻሻው ከተለየ እንጀራቸው ይቀራል ይባላል። ይህ ደረቁን ለሌላ ድርጅት አሳልፎ ለመስጠት ለታሰበ ዕቅድ ትክክለኛ ተቃውሞ ነው። እርጥቡን ብቻ ለሚለይ ዕቅድ ግን አይሠራም፤ ቆራሌውም ለቃሚውም የሚፈልጉት ሃይላንድ፣ ካርቶንና ብረት ከበፊቱ ንጹሕ ሆኖ ይመጣላቸዋል፣ በባዶ እጅ የበሰበሰ ቆሻሻ መቆፈራቸው ይቀንሳል። ገቢው የሚቀንሰው በሚያመላልሰው ጭነት ልክ የሚከፈለው አጓጓዥ ነው፤ የጭነቱ ግማሽ ውሃ ያዘለ ልጣጭ ስለሆነ። ማዘጋጃ ቤቱ የማጓጓዣ ውል ሲያድስ ክፍያውን ከጭነት መጠን አላቅቆ በጸዳው ሰፈር ልክ ካላደረገው፣ ባልዲው ሁለት ቢሆንም ገንዳው አንድ ሆኖ እንዲቀር የሚፈልግ ወገን ምንጊዜም አይጠፋም።